የግንባሬ ጠባሳ እና ቁጥር ሠላሳ ሁለት

ዛሬ ጠዋት ጀግና ነበርኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ልጄ አዲስ የፕሮፋይል ፎቶ አንስታ ለጠፈችልኝ። ፎቶው ጥራት አለው። ከሚያስፈልገው በላይ ጥራት አለው! ግንባሬ ላይ ያለችው ጠባሳ እንደ አዲስ ጨረቃ ጉብ ብላለች።

ጠዋት ስልኬን ስከፍት ኮሜንቱ ጎርፏል።

«ጀግናው አባታችን! ይህ ጠባሳ ታሪክ አለው!»

«የትኛው ውጊያ ላይ ነው መምህር?»

«ለአገር የፈሰሰ ደም!»

እኔ ምን አደረግኩ? ማረም ነበረብኝ። ዕድሜ ልኬን የሰው ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። አላረምኩም! ለሁሉም ልብ ሰጠሁ። ለአንዱማ «ጊዜው ከባድ ነበር» ብዬ መለስኩለት።

ውሸት አይደለም። ጊዜው ከባድ ነበር። ድንጋዩም ከባድ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ከዋጃ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«መምህር፣ እኔ የእትዬ ዘነቡ የልጅ ልጅ ነኝ። አያቴ ስለዚህ ጠባሳ ሌላ ነገር ነው የነገረችን። እርስዎ ይናገራሉ ወይስ እኔ ልናገር?»

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት!

እሺ። ራሴ ልናገር። ሰው ከሚያዋርደኝ ራሴን ባዋርድ ይሻላል። ቢያንስ በቅደም ተከተል አዋርዳለሁ።

መጀመሪያ ማብራሪያ። (አስተማሪ ነኝ፤ ካላብራራሁ ያመኛል።)

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ገና ከማሰልጠኛ የወጣሁ፣ የሸሚዜን ቁልፍ እስከ አንገቴ የምቆልፍ፣ ከኪሴ ፊሽካ የማይጠፋ ወጣት አስተማሪ ነኝ። ከደሴ ቆቦ ተመደብኩ። ጠዋት ልጆች አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት። መሠረተ ትምህርት ማለት፣ ላልደረሳችሁበት ወጣቶች፣ ፊደል ያልቆጠሩ አዋቂዎች ማንበብና መጻፍ የሚማሩበት ነው።

የእኔ ክፍል አስራ አራት ሰው ነበረው። አብዛኞቹ ማሽላ አምራች ገበሬዎች ናቸው። በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጡት ግን እትዬ ዘነቡ ነበሩ። ቆቦ ገበያ በርበሬ ይሸጣሉ። እርሳስ የሚይዙት እንደ ወስፌ ነው፤ ደብተሩን ይወጉታል እንጂ አይጽፉበትም። ስማቸውን ለመጻፍ ሦስት ወር ፈጀባቸው።

የጻፉ ዕለት ደብተሩን ይዘው ገበያውን ዞሩት።

«ይቺውና! ይቺ እኔ ነኝ!» እያሉ።

ያቺን ክፍል እንዴት እንደምወዳት!

አንድ ቀን ስለ ላሊበላ እያስተማርኩ ነው። ከአንድ ቋጥኝ፣ ከላይ ወደ ታች፣ እያልኩ በጠመኔ እስላለሁ። እትዬ ዘነቡ እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ ሄደን በዓይናችን ብናየውስ?»

«ለትምህርት ነው!» አሉ ሌሎቹ። «ለትምህርት ብቻ!»

አስራ አራቱም በአንድ ድምፅ! ይህ ነገር ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ያ ክፍል በአንድ ድምፅ ተስማምቶ የሚያውቀው «ዛሬ ቀደም ብለን እንውጣ» ሲል ብቻ ነው።

እኔ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ። ተማሪዎቼ ለዕውቀት ጠሙ!

(በቅንፍ ልናዘዝ። እኔ ራሴ ላሊበላን አይቼ አላውቅም ነበር። የነበረኝ ሃያ ሁለት ገጽ ማስታወሻ ነው። በአርእስትና በንዑስ አርእስት የተከፋፈለ።)

ያኔ እንደ ዛሬ ቦርሳ አንጠልጥሎ መሄድ የለም። የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ቀበሌ ሄድኩ።

ሊቀመንበሩ ጺማቸውን በየቀኑ የሚላጩ፣ ፈገግታን በልዩ ፈቃድ ብቻ የሚያወጡ ሰው ነበሩ።

«ቤተ ክርስቲያን ነው እኮ የምትወስዳቸው» አሉኝ።

«አይደለም ጓድ ሊቀመንበር! የሰፊውን ሕዝብ የጉልበት ውጤት ነው የማሳያቸው!»

«ጸሎት የለም?»

«በፍጹም!»

«አንዱ ቢጸልይስ?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ፖስት አታነቡም ነበር። እኔ ግን እስክሪብቶዬን ላጥ አድርጌ ጻፍኩ፦ «በጉዞው ላይ አንድ ሰው እንኳ ሲጸልይ ቢሰማ የመሠረተ ትምህርት ክፍሌ ይዘጋ። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

ፈረምኩ።

ሳልጠየቅ! ማንም ጻፍ ሳይለኝ!

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሰው በገዛ እጁ ገመድ ሲያቀብላቸው የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ማኅተም መቱበትና፣ «ስትመለሱ ከተማሪዎችህ አንዱ ራሱ የጻፈውን ሪፖርት በጠቅላላ ስብሰባ ያነብባል» አሉ።

ስለዚህ ነገሩ ይህ ነው። አንዲት «አቡነ ዘበሰማያት» ከተሰማች ክፍሉ ይዘጋል። እትዬ ዘነቡም ስማቸውን ብቻ እንደጻፉ ይቀራሉ።

ቀኑን እሳቸው መረጡ። «የካቲት አስራ አምስት ብንደርስ።»

«ለምን?»

«አየሩ ጥሩ ነው።»

መዘገብኩ። በማግስቱ፣ የካቲት አስራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት መሆኗን የቆቦ ግመል ሁሉ ያውቃል። እኔ አላውቅም! ያኔ ግድግዳዬ ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ በቀይ ያልተጻፈ ቀን ሁሉ ለእኔ ተራ ቀን ነበር።

ስንቃችንን በበቅሎው የጫነልን አያ ሰይድ ነው። አያ ሰይድ ሙስሊም ነው፤ ግን ተሳላሚ ከቆቦ ላሊበላ ሲያመላልስ ከመኖሩ የተነሳ መንገዱን ከቀሳውስቱ በላይ ያውቃል። ከቆቦ ሜዳ በሙጃ በኩል ወደ ላይ ወጣን። በእግር፣ ሦስት ቀን።

እኔ በየማረፊያው ፊሽካ ነፍቼ እቆጥራቸዋለሁ። ከዚያ አብራራለሁ።

«አሁን የበረደን ለምንድን ነው? ከባሕር ወለል በላይ ያለን ከፍታ ስለጨመረ ነው! ከፍታ ሲጨምር…»

«መምህር» አለኝ አያ ሰይድ፣ «በቅሎዋ ደክሟታል።»

«ዳገቱ ነው?»

«አንተ ነህ።»

ተማሪዎቼ ግን አልደከማቸውም። ስናገር ዓይናቸውን ወደ መሬት ይጥሉና ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሁሉም! ቃሌን በልባቸው እየደገሙ የሚያጠኑ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ክፍል ለማንም አስተማሪ ገጥሞ ያውቃል?

ላሊበላ ስንደርስ ተራራው ነጭ ሆኗል። ሰው ነው። ነጭ የለበሰ ሰው፣ በየገደሉ፣ በየድንጋዩ ላይ።

«ይህ ሁሉ ሕዝብ ለጥናት ነው የመጣው?» አልኩ።

አያ ሰይድ የበቅሎዋን ገመድ አጠበቀ።

«አዎ» አለ። «ሁሉም አጥኚ ነው።»

በማግስቱ ጫማ አወለቅን። ጫማቸው እንዳይቀያየር በየሶሉ ላይ በጠመኔ ከአንድ እስከ አስራ አራት ጻፍኩ። አያ ሰይድ ጫማ ጠባቂ ሆኖ በር ላይ ቀረ። እኛ ገባን።

እናንተዬ! ያ ቦታ!

ሃያ ሁለት ገጼ ምንም አላዘጋጀኝም። ሰው ቆሞ ቁልቁል የሚያየው ጣሪያ! ከአንድ ቋጥኝ የወጣ መስኮት፣ ዓምድ፣ ቅስት! ለአምስት ሰከንድ ያህል አፌ ተዘጋ።

ለአምስት ብቻ። ከዚያ ማብራራት ጀመርኩ።

በዱላ እየጠቆምኩ፣ መዶሻና መሮ፣ የውሃ መውረጃ፣ የሰው ጉልበት እላለሁ። ሃያ ስምንት ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ደስታዬ ልክ አጣ።

«ጎበዞች! ድገሙት!» አልኳቸው።

ደገሙት።

ከዚያ ዋሻው ጋ ደረስን። ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው የሚያሻግር፣ ጨለማ የሆነ፣ ጠባብ ዋሻ ነው። ሰው ሲኦል ይለዋል።

«መብራት አይበራበትም» አሉኝ እትዬ ዘነቡ። «ቀኝ እጅህን ግድግዳው ላይ አድርግ። ጎንበስ በል። አፍህን ዝጋ።»

እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኩም። ከሦስቱ መመሪያ የመጀመሪያውን ብቻ ፈጸምኩ።

ባትሪዬን አበራሁ።

«ማነው እሱ ባትሪ የሚያበራ?» አለች ከኋላ የማላውቃት ሴት። «አጥፋው!»

«እናቴ፣ ለደህንነት ነው!»

«ስትሞትም ባትሪ ይዘህ ነው የምትሄደው? አጥፋው አልኩህ!»

አላጠፋሁትም። ራሱ ጠፋ። ጠዋት ዓምድ ለዓምድ ሳበራ የባትሪዬን ድንጋይ ጨርሼዋለሁ፤ ፀሐይ ላይ ማስጣቱን ረስቻለሁ።

ጨለመ። ያ ጨለማ የዓይን መክደን ጨለማ አይደለም። ዓይን ያለህም የማይመስልበት ነው።

ደግነቱ አስተማሪ አላቸው!

«አትደናገጡ!» ብዬ ጮህኩ። «ጨለማ ማለት የብርሃን አለመኖር ነው! ሌላ ምንም ነገር የለበትም!»

ፊሽካዬን ከኪሴ አወጣሁ።

«ቁጥር!» አልኩና፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ዋሻው ውስጥ ፊሽካ ነፋሁ።

«አንድ!» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ሁለት!» «ሦስት!» እያለ መጣ። አስራ አራት ላይ ደረሰ። ተመስገን፣ ሞልተናል።

«አስራ አምስት!»

እንዴ?

«አስራ ስድስት!» «አስራ ሰባት!»

ልማድ መስሏቸው ነው! ከሰቆጣ የመጣው፣ ከጎንደር የመጣው፣ ከእኛ ኋላ የተሰለፈው ተሳላሚ ሁሉ የዋሻው ሥርዓት መስሎት ይቆጥራል! ሃያ። ሃያ አምስት። ሠላሳ። አንዲት ቀጭን ድምፅ «ሠላሳ አንድ» አለችና ጸጥ አለ።

አስራ አራት ሰው ይዤ ነው የገባሁት።

ፊሽካ ስነፋ የለቀቅኩትን ግድግዳ ፍለጋ እጄን ወደፊት ዘረጋሁ። ግድግዳ አላገኘሁም።

ጺም አገኘሁ።

ረጅም ነው። ይሞቃል። ከጺሙም ውስጥ፣ ከአፍንጫዬ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ፦

«ሠላሳ ሁለት።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን የምናገረው የእትዬ ዘነቡ የልጅ ልጅ ስለምታስፈራራኝ ብቻ ነው።

ዘለልኩ። ጣሪያው ዝቅተኛ ነው። «ጎንበስ በል» ተብዬ ነበር። ግንባሬ ከቋጥኙ ጋር ተላተመ፣ ዓይኔ ላይ ኮከብ በኮከብ ሆነ፣ እኔም በሙሉ የማስተማሪያ ድምፄ ጮህኩ፦

«እመብርሃን! እመብርሃን ድረሽልኝ! ጥላ አገባልሻለሁ! ቀይ ጥላ! ባለ ዘርፍ!»

ዋሻ ደግሞ ይደግማል። «ባለ ዘርፍ… ዘርፍ… ዘርፍ…»

ሠላሳ አንዱም በአንድነት «አሜን!» አሉ።

ከዚያ የእትዬ ዘነቡ ድምፅ መጣ፦ «አፍህን ዝጋ አላልኩህም?»

ጺሙ የአንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነበር። ከፊቴ ሲሄዱ ፊሽካውን ሰምተው ቆሙ፤ ሲቆጠር ቆጠሩ። ሌላ ጥፋት የለባቸውም። እጄን ይዘው እንደ ሕፃን እየመሩ አወጡኝ።

በር ላይ አያ ሰይድ ደሙን አየ።

«ምን ነካህ?»

«ድንጋይ።»

«ያ ስታብራራው የዋልከው?»

ጫማዬን ፈለግኩ።

እትዬ ዘነቡ የነጠላቸውን ጫፍ ቀደው ግንባሬን አሰሩልኝ። ስንመለስ ቁልቁለቱን ሙሉ አላብራራሁም። በቅሎዋ እንኳ ዞር ብላ አየችኝ።

ሙጃ ላይ አያ ሰይድ አዘነልኝ መሰል አጠገቤ መጣ።

«መምህር፣ ብቻዬን ጸለይኩ ብለህ አትዘን። አንተ ስታብራራ እነሱ እየጸለዩ ነበር።»

«ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ?»

«ሌላ ምን መሰለህ?»

«ሃያ ስምንቱም ከንፈር?»

«ወላሂ ሃያ ስምንቱም። አቦ፣ እኔም ዱዓዬን አድርሻለሁ! ግን ድምፁ የተሰማ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

«ሲጸልይ ቢሰማ።» በገዛ እጄ የጻፍኩት ቃል ይህ ነው። የተሰማሁት ደግሞ እኔ! ቀይ፣ ባለ ዘርፍ!

ቆቦ ስንገባ ሪፖርቱን እንዲጽፉ የተመረጡት እትዬ ዘነቡ ሆኑ። ሁለት ሳምንት ጻፉት። በስብሰባው ዋዜማ በርበሬያቸው ዘንድ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ።

«እትዬ፣ ያቺን የዋሻዋን ነገር ጽፈዋል?»

«ጽፌያለሁ።»

«ብትቀርስ? ክፍላችን እኮ ይዘጋል!»

«ሪፖርት ያየኸውንና የሰማኸውን ነው፣ አትጨምር አትቀንስ ያልከን ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ ግን…»

«ደግሞስ» አሉና እርሳስ ያጠቆረውን ጣታቸውን አሳዩኝ፣ «ይህን ገጽ እንደ ገና ልጽፈው ነው? ሞቼ!»

የስብሰባው ቀን ሰው ጢም ብሏል። መፈክር ተሰማ። ሊቀመንበሩ የፈረምኩትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። እትዬ ዘነቡ ተነሡ። ጣታቸውን በየፊደሉ ላይ እየጎተቱ አነበቡ፦

«ሄድን። ድንጋይ አየን። ትልቅ ነው። ጨለማ ገባን። መምህሩ ቆጠሩን። አስራ አራት ነበርን። ሠላሳ ሁለት ሆንን። መምህሩ እመብርሃን አሉ። ጥላ ተሳሉ። ሌላ ሰው ሲጸልይ አልተሰማም። ተመለስን።»

አንድም ፊደል አልሳቱም!

እኔ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ሆንኩ። አንደኛው በኩራት ሊፈነዳ ነው። ሁለተኛው የሚገባበት ጉድጓድ ይፈልጋል።

ሊቀመንበሩ ወረቀቴን አዩ፣ እትዬ ዘነቡን አዩ፣ እኔን አዩ።

«መምህር፣ ጸልየሃል ወይስ ደንግጠህ ነው?»

«ደንግጬ ነው ጓድ ሊቀመንበር!»

«ጥላ መሳልም ድንጋጤ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ ጣሪያውን አነሣው።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መቱ። «ባለ ዘርፍ ማለቱ የድንጋጤውን ክብደት ያሳያል! ትናንት እርሳስ የማይዙት እትዬ ዘነቡ ዛሬ ሲያነቡ ሰምተናል። ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ጻፍ፦ መምህሩ ደንጋጣ ነው። ክፍሉ ይቀጥላል።»

ክፍሉ ይቀጥላል!

እኔ ግን ግለ ሂስ ማቅረብ ነበረብኝ። ያን ዘመን ያጠፋ ሰው ሕዝብ ፊት ቆሞ ራሱን ይወቅሳል። ቆምኩ። «ደንጋጣ መሆኔን አምናለሁ» አልኩ፣ ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ተጨበጨበ። ከዚያ በኋላ የቆቦ ልጆች ለአንድ ዓመት ሙሉ በመንገድ ሳልፍ ከአጥር ኋላ «ሠላሳ ሁለት!» እያሉ ይሮጡ ነበር።

ያበቃ መሰላችሁ?

ሰው ሲበተን ሊቀመንበሩ ወደ ጥግ ጠሩኝ።

«ጥላዋን መቼ ነው የምታስገባው?»

«ድንጋጤ ነው ተባለ እኮ!»

ግራ ቀኝ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስለት ቀልድ አይደለም። ብቻህን እንዳትሄድ ደግሞ። ባለቤቴ ምጥ ላይ ሳለች የተሳልኩት የእኔው አራት ዓመት አልፎታል።»

በዓመቱ «የጥናት ጉዞ ቁጥር ሁለት» ተፈቀደ። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ፣ ማኅተሙን እሳቸው መቱ፣ ሁለቱን ጥላ በዓለም ካርታ ጠቅልለን በአያ ሰይድ በቅሎ ጫንን። ዋሻው ውስጥ ሊቀመንበሩ ቀበቶዬን ከኋላ ጨብጠው ተከተሉኝ። እኔ ጎንበስ ብያለሁ። አፌን ዘግቻለሁ። ፊሽካዬ ቆቦ ቀርታለች።

መሐል ላይ ስንደርስ ከኋላዬ የሚያንሾካሹክ ድምፅ ሰማሁ፦

«ኧረ መምህር፣ ቁጠር እንጂ! ፈራሁ እኮ!»

እንግዲህ ጠባሳዬ ይህች ናት። በውጊያ አልመጣችም። የሰጠኋችሁን ልቦች በሙሉ መልሼ ወስጃለሁ። ጀግና ለምትፈልጉ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆመው ያቺን አንድ ገጽ ያነበቡት እትዬ ዘነቡ አሉላችሁ።

አንቺ የዋጃዋ ልጅ፣ ተናገርኩ። ጨመርኩ? ቀነስኩ?

ሌሎቻችሁም እስከዚህ ድረስ ያነበባችሁ መኖራችሁን ልወቅ። ኮሜንት ላይ በቅደም ተከተል ቁጠሩ። እኔ አንድ ብያለሁ።

ሠላሳ ሁለትን ግን፣ በእመብርሃን፣ ማንም እንዳይጽፋት!